የፎቶ ቡዝ ትዕይንት በፊልም፦ እውነተኛ እንዲሆን ምን ልወቅ?

ባለስክሪፕት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለሆነ አጭር ፊልም፣ ሁለት ፍቅረኞች ፎቶ ቡዝ (ሳንቲም ሲገባበት ራሱ አንስቶ አጥቦ የሚያወጣ ባለመጋረጃ የፎቶ ማሽን) ገብተው የሚነሱበትን ትዕይንት እየጻፍኩ ነው። ሳንቲም ከገባ በኋላ ማሽኑ ውስጥ ምን ይካሄዳል? ስትሪፑ (አራቱ ፎቶዎች የተደረደሩበት ረጅም ወረቀት) እስኪወጣስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ልጅቷ ደግሞ «ሌላ ኮፒ አሳጥበን እንካፈላለን» ትላለች፤ ያስኬዳል?

ጨለማ_ክፍል፦
ከመጨረሻው ልጀምር፤ አያስኬድም፣ ያንን ንግግር አውጣው። የዚያ ዘመን ፎቶ ቡዝ ኔጋቲቭ (ጥቁርና ነጩ የተገለበጠ፣ ሌላ ኮፒ የሚታተምበት ፊልም) የለውም። ምስሉ በሌንሱ በኩል በቀጥታ ወረቀቱ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ የሚወጣው ስትሪፕ አንድ ለእናቱ ነው። መካፈል ከፈለጉ በመቀስ ሁለት ሁለት አድርገው ይቁረጡት። ለፊልምህም ይሄ ይሻልሃል።

ውስጡ እንዲህ ነው። የፎቶ ወረቀቱ በጥቅል ተቀምጦ ከሌንሱ ጀርባ ይንቀሳቀሳል። በጥቂት ሰከንዶች ልዩነት ፍላሹ አራት ጊዜ ይበራል፣ ወረቀቱ ይቆረጣል፣ ከዚያ የብረት ክንድ ይዞት ከአንድ የኬሚካል ገንዳ ወደ ሌላው እያወጣ ይነክረዋል። የመጀመሪያው ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ኔጋቲቭ ምስል ያወጣል፤ ብሊች የሚባለው ኬሚካል ያንን ምስል አሟሙቶ ያጠፋዋል፤ ማጽጃው የብሊቹን ቅሪት ያነሳል። ከዚያ ወረቀቱ ላይ የቀረው፣ ምስል የሚሠራው የብር ጨው ይጠቁርና ትክክለኛው ምስል ይወጣል። በየመሃሉ ውሃ አለ። ጠቅላላው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 አናቶል ጆሴፎ ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ የከፈተው ፎቶማቶን የተባለ ቀደምት ፎቶ ቡዝ ግን በ25 ሳንቲም ስምንት ፎቶ ለመስጠት ስምንት ደቂቃ ያህል ይወስድ ነበር።

እነዚያን ደቂቃዎች በኤዲቲንግ አትዝለላቸው። ውጭ ቆመው የሚጠብቁበት ጊዜ ከፎቶው እኩል የትዕይንቱ አካል ነው። ስትሪፑ ሲወጣም እርጥብ ነው፤ ተዋናዮቹ ጠርዙን በሁለት ጣት ይያዙት እንጂ ፊቱን አይንኩት።

የሚበላሽ ነገር ማሳየት ካማረህ፦ አንዱ ፍላሽ ካልበራ ያ ፍሬም (ከአራቱ ፎቶዎች አንዱ) ጥቁር ይሆናል፤ ነጭ አድርገው የሚሠሩት ይሳሳታሉ። የመጀመሪያው ዴቨሎፐር ሲደክም ፎቶው በሙሉ ይጨልማል። ብሊቹ ሲያልቅበት ደግሞ ነጩ ቦታ ይደፈርሳል።

ፍሬም_በፍሬም፦
ትርጉሙን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ቡዙ ውስጥ ፎቶ አንሺ የለም። «ፈገግ በሉ» የሚል ሰው በሌለበት፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ በተሠራ ማሽን ፊት ሰው እንደ ልቡ ይሆናል። ሱሪያሊስቶቹ (ሕልምንና ድብቅ ስሜትን የሚያወጡ የጥበብ ሰዎች) ይህን ቀድመው አዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1929 አንድሬ ብረቶንና ጓደኞቹ ዓይናቸውን ጨፍነው የተነሷቸው የቡዝ ፎቶዎች በመጽሔታቸው ላይ የሠዓሊውን ማግሪት ሥዕል ከበው ወጡ። አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆልም እ.ኤ.አ. በ1963 የጥበብ ሰብሳቢዋን ኤቴል ስከልን ቡዝ ውስጥ አስቀምጦ ካስነሳቸው ፎቶዎች ባለ 36 ክፍል ሥዕል ሠርቷል።

በፊልም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን የፈረንሳይ ፊልም «አሜሊ» ተመልከት። ኒኖ የተባለው ገጸ ባሕርይ ሰዎች ቀደው የጣሏቸውን የቡዝ ፎቶዎች እየለቀመ ይገጣጥማል። በየቦታው የሚደጋገመው ምስጢራዊ ፊት በመጨረሻ የማሽኑ ጠጋኝ ሆኖ ይገኛል፤ ማሽኑን ለመፈተሽ ራሱን እያነሳ ነበር። የተቀደደው ወረቀት እዚያ የሚከብደው ሌላ ቅጂ ስለሌለው ነው። ፋይል የሚያስቀምጥ የዛሬ ዲጂታል ቡዝ ይህን ክብደት አይሰጥህም።

አራቱን ፍሬሞች እንደ አራት ትወና ጻፋቸው። የመጀመሪያው ሳይዘጋጁ ይይዛቸዋል፤ እኔ ብሆን ዋናውን ነገር ሦስተኛው ላይ አደርገው ነበር፣ አራተኛው ላይ ሁሉም ሰው ይጠብቃልና።

ባለስክሪፕት፦
እጅግ አመሰግናለሁ፤ ንግግሩን አውጥቼዋለሁ። እውነተኛ ማሽን ባላገኝ ስትሪፑን እንዴት ላስመስል?

ጨለማ_ክፍል፦
ካሜራህን በዓይናቸው ቁመት ትከል፣ በአራቱም ፎቶዎች ቦታውን አትቀይር። ብርሃኑ ከፊት ለፊት ይምጣ፤ መጋረጃው ከጀርባቸው ቅርብ ይሁን። በርጩማው እየተሽከረከረ ከፍ ዝቅ የሚል ነው፣ ለረጅሙ ዝቅ አድርግለት። በጥቁርና ነጭ ወፈር ባለ የፎቶ ወረቀት ላይ አትምና 4 በ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁረጠው።

ግራና ቀኙንም አስብበት፤ በቀጥታ ወረቀት ላይ የሚነሳ ምስል እንደ መስታወት ይገለበጣል፣ ሌንሱ ፊት ፕሪዝም (ምስሉን የሚያዞር መስታወት) ያላቸው ማሽኖች ናቸው መልሰው የሚያቀኑት። አንዱን ምረጥና ፀጉራቸው የተከፈለበት ጎን ከትዕይንቱ ጋር መግጠሙን አረጋግጥ።

ስትቀርጽ እውነተኛ ፍላሽ አትጠቀም። በብዙ ዲጂታል ካሜራ ላይ ብልጭታው የፍሬሙን ግማሽ ብቻ ያበራል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ፍሬም የሚቆይ የኤልኢዲ ብልጭታ አድርግ።