የኋላ ጎማ ላይ የታሰረ የፍጥነት ሴንሰር ቁልቁለት ላይ ዜሮ ያሳያል

ብስክሌቱ ባለ26 ኢንች ነው፣ የጎማው ውፍረት 1.95። ፍጥነት የሚያሳየው የብስክሌቱ ኮምፒውተር ባለገመድ ሲሆን የጎማው ዙሪያ 2050 ሚሊሜትር ተብሎ ተሞልቷል። በክረምት ቤት ውስጥ ማለማመጃ መቆሚያ ላይ ስለምሠራና እዚያ የሚዞረው የኋላው ጎማ ብቻ ስለሆነ ሴንሰሩን ከፊት ወደ ኋላ አዛወርኩት።

ካቴናው እንዳይነካው በግራ በኩል፣ ከኋላ ጎማ ወደ ፔዳሉ በሚሄደው ቱቦ ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ አስሬዋለሁ። ቱቦው ከጎማው ሽቦዎች ስለሚርቅ ከሥሩ የካላማዳሪያ ቁራጭ ደራርቤ ሽቦው ላይ ከታሰረው ማግኔት ያለውን ክፍተት ወደ 3 ሚሊሜትር አወረድኩት። ማግኔቱ ሴንሰሩ ላይ ካለው ምልክት ፊት ለፊት ያልፋል። ያጠረውን ገመድም ቀጥዬ በይጄዋለሁ።

በእጅ ሳዞረው ልክ ነው፤ በጢስ ዓባይ መንገድ እስከ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይስትም። ከቤዛዊት ኮረብታ ስወርድ ግን 35 ሲያልፍ ቁጥሩ ይዘላል፣ ከዚያ ዜሮ ይሆናል፤ ፍሬን ስይዝ ይመለሳል። ባትሪው አዲስ ነው። ቅጥያውን እየነቀነቅኩ ብፈትሽም አይቋረጥም፤ ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ስነዳም ስለማይጠፋ ንዝረቱ አይመስለኝም።

የምጠረጥረው የማግኔቱን ቦታ ነው። ወደ ቸርኬው ስለተጠጋ በጣም ፈጥኖ ያልፋል፣ ሴንሰሩ ውስጥ ያለችው፣ ማግኔት ሲያልፍ የምትገጥመው ስስ ማብሪያ ለመግጠም ጊዜ አታገኝም። ታዲያ በፍጥነት ስወርድም እንዳይጠፋ ማግኔቱን ከጎማው መሃል ስንት ሴንቲሜትር ላይ ልሰረው?