በርበሬ፣ ማርና ቅቤ በእጅ ሻንጣ፦ ከቦሌ ወደ አሜሪካ ምኑ ያልፋል?

ሮዝ_ሚኒሶታ፦
እናቴ ከቦሌ ዋሽንግተን ዳላስ (Dulles) ኤርፖርት፣ ከዚያ ሚኒያፖሊስ ልትመጣ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ማርና ንጥር ቅቤውን ከእጄ አልለይም ብላለች። ጉልበቷ ውስጥ ብረት አለ፤ ኢንሱሊንም ትወጋለች። ፍተሻ ላይ ምኑን ይወስዱባታል? ፓወር ባንክስ የት ይግባ?

ሻንጣ_ሚዛን፦
እህቴ፣ በርበሬውና ሽሮው በሚጫነው ሻንጣ ይግባ። ከውጭ አገር በቀጥታ ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ከተያዘ ለብቻው ይፈተሻል፤ ፈታሹ ምንነቱን ማረጋገጥ ካልቻለ እዚያው ይቀራል። ደንቡ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። የሚታየው ኪሎው አይደለም፣ የሚይዘው ቦታ ነው፤ አንድ የለስላሳ ቆርቆሮ ያህል ማለት ነው። ግማሽ ኪሎ በርበሬ ከዚያ በብዙ ያልፋል። የተፈጨ ቡናም ዱቄት ነው፤ ፍሬው ግን አይደለም።

ለምን ያስቸግራል? በኤክስሬይ ስክሪን ላይ ብረት ሰማያዊ ሲሆን ምግብ ብርቱካንማ ሆኖ ይታያል። ፈንጂም እንደዚያው ብርቱካንማ ነው። ፈታሹ ከቀለሙ ብቻ መለየት ስለማይችል ይከፍታል። የሚጫነውም ሻንጣ ሊከፈት ይችላል፤ ስለዚህ በፕላስተር ደጋግሞ ከመጠቅለል፣ ክዳኑ የሚዞር ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርጎ ዕቃውን በፌስታል ማሰር ይሻላል። የተቀደደ ፌስታል ተመልሶ አይታሰርም፣ በርበሬው ነጠላው ላይ ይራገፋል።

ቅቤ_ነጣሪ፦
ማርና ቅቤ በፍተሻ ሕግ ፈሳሽ ናቸው፤ ቅቤው ድንጋይ ሆኖ ቢረጋም ያው ነው። በእጅ የሚፈቀደው በየዕቃው እስከ 100 ሚሊ ሊትር ነው። የሚቆጠረው የዕቃው መጠን ስለሆነ፣ ትንሽ ማር የቀረበት ባለ 250 ብልቃጥ ይወሰዳል። ከቀረጥ ነፃ ሱቅ የተገዛ ማር በታሸገ ከረጢቱ ከነደረሰኙ ይቆይ። ደግሞ ዳላስ ላይ ሻንጣቸውን ተረክበው፣ ጉምሩክ አልፈው እንደገና ያስረክባሉ፤ ከዚያ ለሚኒያፖሊሱ በረራ ሌላ ፍተሻ አለ። ሻንጣውን መልሰው ከማስረከባቸው በፊት ማሩን ውስጡ ይክተቱት። ቋንጣ ግን የትም ቢደበቅ አይሞከር፤ ሥጋ የሚከለክለው የአሜሪካ ጉምሩክ ነው። ሌላውን ምግብ በሙሉ የጉምሩክ ሠራተኛው ጠይቆ ሳይጨርስ ይናገሩ፣ የሚያስቀጣው መደበቅ ነው።

ነርስ_በመንገድ፦
ኢንሱሊኑ በእጅ ሻንጣ ብቻ! የጭነት ክፍሉ ውስጥ ሊቀዘቅዝ ይችላል፣ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ደግሞ አይሠራም። መድኃኒት የ100 ሚሊ ሊትሩ ገደብ አይመለከተውም፤ ስማቸው ከተጻፈበት ካርቶን ሳይወጣ፣ መርፌውም አብሮት ሆኖ ለፈታሹ ለብቻው ይታይ።

ስለ ጉልበቱ፣ መሣሪያው ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ጉልበታቸውን እየጠቆሙ «ብረት አለ» ይበሉ። የሐኪም ወረቀት ለማስረዳት ይጠቅማል እንጂ ከፍተሻ አያስቀርም። ቢጮህ ሴት ፈታሽ በእጅ ትፈትሻቸዋለች፤ መቆም ካቃታቸው ወንበር፣ ካፈሩ ገለል ያለ ክፍል መጠየቅ መብታቸው ነው።

ፓወር ባንክ በሚጫን ሻንጣ ክልክል ነው። እስከ 100 ዋት-ሰዓት በእጅ ይያዛል፦ ላዩ ላይ የተጻፈውን ሚሊ አምፒር-ሰዓት (mAh) በ3.7 አባዝተሽ ለ1000 አካፍይ። 20,000 የሚለው 74 ይመጣል፣ ያልፋል። ጽሑፉ የተፋቀ ከሆነ ሌላ ግዢላቸው።

ሮዝ_ሚኒሶታ፦
ነጠላና የወርቅ አምባርስ?

ሻንጣ_ሚዛን፦
ነጠላው ወልቆ ትሪው ላይ ይሄዳል። አምባሩን ትሪ ላይ ልቅ አድርገው እንዳይተዉት፤ ቀድመው የእጅ ቦርሳቸው ውስጥ አስገብተው ዚፑን ይዝጉት።