የጾታ አካል ቀዶ ሕክምና፦ አሁን ወይስ ስታድግ?

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንዲት ሕፃን የአድሬናል ዕጢ (ከኩላሊት በላይ ያለ ሆርሞን አመንጪ) ችግር (ሲኤኤች) ተገኝቶባታል፤ የጾታ አካሏ የሴት ይሁን የወንድ በግልጽ አይለይም፣ ክሮሞዞሟ ግን 46 ኤክስኤክስ (የሴት) ነው። ቤተሰቡ «ክርስትና በ40 ነው በ80?» እያለ ተጨንቋል፣ ኦፕራሲዮኑም ቶሎ ይሠራልን ይላል። ታካሚዎቹ ራሳቸው ካደጉ በኋላ ምን ይላሉ?

መልስ 1፦ መጀመሪያ የሚያስቸኩለው ጨው ነው፤ በዚህ ሕመም ሰውነት ጨው ሊያጣ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ካስመለሳት፣ ካልጠባች ወይም ክብደቷ ከቀነሰ ሶዲየምና ፖታሲየሟ በዚያው ቀን ይለካ። ሃይድሮኮርቲዞን (የጎደለውን ሆርሞን የሚተካው መድኃኒት) ለአንድ ቀንም አይቋረጥ፤ ትኩሳት ሲይዛት በሐኪሟ ትእዛዝ 2 ወይም 3 እጥፍ ይሆናል። ሽንቷ በደንብ ከወጣ ቀዶ ሕክምናው ይቆያል። ለክርስትናውም ኦፕራሲዮን አያስፈልግም፣ በ80 ቀኗ ትነሳ።

መልስ 2፦ አስተያየቱ እንደ ሕመሙ ይለያያል። ሲኤኤች ካለባቸው ሴቶች ብዙዎቹ በልጅነት መሠራቱን ይደግፋሉ። የሚቃወሙት ደግሞ ከባድ ምክንያት አላቸው፦ ሳይጠየቁ መወሰኑ፣ ጠባሳው፣ የቂንጥር ስሜት መቀነሱ፣ የብልት ቀዳዳ ጠቦ በጉርምስና ድጋሚ መሠራቱ። ማልታ በ2015 ልጁ ራሱ ፈቃዱን መስጠት እስኪችል ይቆይ ብላ ደንግጋለች። ቤተሰቡ ቀዶ ሐኪሙን «ብንጠብቅ ምን ይጎዳታል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ቁርጥ ያለ መልስ ካላገኘ አይፈርም።

መልስ 3፦ ሌላ ዓይነት ሕመም ላለባቸው ይህን በቀጥታ አትውሰዱት። ክሮሞዞሙ ኤክስዋይ (የወንድ) ሆኖ ሰውነት ለአንድሮጅን (ለወንዴ ሆርሞን) ፈጽሞ ምላሽ በማይሰጥበት ሁኔታ፣ ከጉርምስና በፊት የካንሰር ስጋቱ ዝቅተኛ ስለሆነ የዘር ፍሬውን ሳያወጡ ማቆየት ይቻላል።