ኦክሲ መውጋት መዥገርን ያጠፋል?

ጥያቄ (ከዘንዘልማ)፦
ሰላም ወገኖች። ክረምት ሲወጣ የክልስ ላሞቻችን ፍርምባና ግት መዥገር ይወረዋል። መዥገር ሰውነቱ ውስጥ ካለ ባክቴሪያ ውጭ አይኖርም ይባላል። ታዲያ ላሟን ኦክሲቴትራሳይክሊን ብንወጋት ባክቴሪያው ሞቶ መዥገሩ አይጠፋም?

መልስ 1፦
የሰማኸው እውነት ነው። መዥገር ምግቡ ደም ብቻ ነው፤ ደም ደግሞ ቢ ቫይታሚን ያንሰዋል። የጎደለውን የሚሠሩለት ኮክሲየላን ወይም ፍራንሲሴላን የሚመስሉ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ባዮቲን፣ ፎሌትና ሪቦፍላቪን ያመርቱለታል። እናቲቱ በእንቁላሏ ታወርሳቸዋለች። ላቦራቶሪ ውስጥ በመድኃኒት ሲገደሉ ግልገሉ መዥገር ቆዳ መቀየር ያቅተዋል፤ ቢ ቫይታሚን ሲሰጠው ያገግማል።

በረት ውስጥ ግን አይሆንም። ደም ጠግባ ልትወድቅ የደረሰችን መዥገር መርፌ አያረግፋትም፤ ወድቃ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ዥጉርጉሩ አምብሊዮማ የተባለው መዥገር በዕድሜው ሦስት እንስሳ ላይ እየወጣ እየወረደ ስለሚመገብ አብዛኛው ዕድሜው ሣር ውስጥ ነው። ትርፉ ወተት መድፋትና መድኃኒት የለመደ ጀርም ነው።

መልስ 2፦
መዥገሩ ውስጥ የሚኖረውን ጠቃሚ ባክቴሪያና በሽታ አምጪውን አናምታታ። ሪኬትሲያ አፍሪኬ የተባለው ባክቴሪያ ግን ነዋሪም በሽታ አምጪም ነው፦ አምብሊዮማ በእንቁላሏ ታወርሰዋለች፣ ሰውንም ያሳምማል። እዚሁ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1966 ከከብት ከተለቀመ መዥገር ተለይቷል። ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ንክሻው ላይ ጥቁር ቅርፊት ያየ ሰው ሐኪም ጋ ሄዶ መዥገር እንደነከሰው ይናገር፤ በዶክሲሳይክሊን ይድናል። መዥገር በጣት አይጨፍለቅ፤ በወረንጦ ቆዳው ሥር ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው።

ኦክሲ ቦታው ላሟን አናፕላዝማ (መዥገር የሚያስተላልፈው የደም ባክቴሪያ) ሲይዛት ነው፦ ትኩሳት፣ የገረጣ ከዚያም ቢጫ የሆነ የዓይን ሽፋን። ባለ 20 በመቶው ረጅም ጊዜ የሚቆየው ለ10 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ 300 ኪሎ ላም 30 ሚሊ ሊትር፣ በአንድ ቦታ ከ10 ሳይበልጥ፣ በባለሙያ እጅ። ሽንቷ ከቀላ ባቤዚያ (ሌላ መዥገር የሚያስተላልፈው የደም ጥገኛ ተውሳክ) ሊሆን ይችላል፤ እሱ ባክቴሪያ ስላልሆነ ኦክሲ አይፈውሰውም።

መልስ 3፦
መዥገሩን የሚቀንሰው ርጭት ነው። አሚትራዝ የተባለው የመዥገር መግደያ 12.5 በመቶ ከሆነ 20 ሚሊ ሊትር በ10 ሊትር ውሃ፤ ለአንድ ላም 4–5 ሊትር። ብዙዎች የሚሳሳቱት ጀርባዋን ብቻ ሲረጩ ነው፤ መዥገሩ ያለው ጆሮ ውስጥ፣ ብብት፣ ግት ዙሪያና ጭራ ሥር ነው። ጭቃው ይታጠብ፣ ፀጉሯ ይድረቅ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል አይረጭ። መድኃኒቱን ማቅጠን ደግሞ የለመደ መዥገር ያፈራል። ፈረስና በቅሎ ላይ ፈጽሞ እንዳይረጭ፤ አንጀታቸውን ይዘጋል። የተረፈውንም ጣና ወይም ዓባይ ውስጥ አትድፉ፤ ዓሣ ይፈጃል።