የሚለበስ የመራመጃ ሮቦት ለማን ይሆናል?

ጥያቄ፦ ወንድሜ በአከርካሪ ጉዳት ምክንያት እግሮቹን ማንቀሳቀስ አይችልም። እግር ላይ የሚታሰረው ሮቦት ያለ ሰው ድጋፍ ሊያስኬደው ይችል እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ።

መልስ፦ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 ለግል አገልግሎት የተፈቀደው ሪዎክ የተባለው የሚለበስ ሮቦት በዳሌና በጉልበት መጋጠሚያዎች ላይ ባሉት ሞተሮች እግርን የሚያንቀሳቅስ ሲሆን፣ ተጠቃሚው ደረቱን ትንሽ ወደ ፊት ሲያዘነብል ዳሳሹ (ሴንሰሩ) ያንን ተረድቶ እርምጃውን ያስጀምራል። ሚዛኑን በክራንች የሚጠብቀው ግን ራሱ ስለሆነ ክንዱና ትከሻው ጠንካራ መሆን አለባቸው። በእኔ ግምት ዊልቸሩን አያስጥለውም።

ሌላ መልስ፦ አስቀድሞ የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ለረጅም ጊዜ ያልቆመ ሰው አጥንቱ ስለሚሳሳ በቀላሉ ሊሰበር ይችላል። ማሰሪያው የሚያርፍበትን ቆዳም ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ይመልከቱለት፤ እግሩ ስሜት ከሌለው መቁሰሉን አያውቅም።

ሌላ መልስ፦ የእግሩ ጡንቻ ምልክት ሙሉ በሙሉ ላልጠፋበት ሰው ደግሞ ሃል የተባለው የጃፓን የሚለበስ ሮቦት አለ፤ ከቆዳ ላይ ደካማውን ኤሌክትሪካዊ ምልክት አንብቦ እንቅስቃሴውን ያግዛል።