ትናንት የቻለውን ዛሬ ይረሳዋል፤ ከመጠጥ ጋር ይያያዝ ይሆን?

አክስት፦ ሰላም ወገኖች። የእህቴን ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የማሳድገው እኔ ነኝ። አሁን 9 ዓመቱ ነው። እህቴ እሱን ነፍሰ ጡር ሳለች ትጠጣ ነበር። ትናንት ማታ 7 በ8 ሲባዛ 56 መሆኑን አሥሬ ብሎልኝ ተኛ፤ ጠዋት ስጠይቀው ባዶ። «ጫማህን አድርግ፣ ቦርሳህን ያዝ፣ በሩን ዝጋ» ስለው ቦርሳውን ይዞ በካልሲ ይቆማል። መምህሩ «ሰነፍ ነው» ይላል። ሐኪሙ ደግሞ ፊቱን አየት አድርጎ «ምንም የለበትም» አለኝ። ሲያድግ ይተወዋል?

ነርሷ፦ እህቴ፣ ልጁን በማህፀን ሳለ አልኮል ጎድቶት ሊሆን ይችላል፤ ፊት አይቶ መመለስ አይበቃም። ከአፍንጫ ሥር ወደ ከንፈር የሚወርደው ሸንተረር መጥፋት፣ የላይኛው ከንፈር መሳሳት፣ የዓይን ክፍተት ማጠር የሚታየው እንዲህ ከተጎዱት ልጆች በጥቂቶቹ ላይ ነው። አብዛኞቹ መልካቸው እንደማንኛውም ልጅ ነው። አልኮል በእንግዴ ልጁ አልፎ ጽንሱ ደም ውስጥ ይገባል፤ ጉበቱ ገና ስላልጠነከረ ቶሎ አያስወግደውም። ፊት የሚቀረጸው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። አንጎል ግን እርግዝናው እስኪያልቅ እየተሠራ ስለሆነ የሚጎዳበት ጊዜ ሰፊ ነው።

ተመልሰሽ ሂጂና «እናቱ እርጉዝ ሳለች ትጠጣ ነበር» በዪ። ሳትሸፋፍኚ። የፊት ምልክት ከሌለ ምርመራው የሚመሠረተው በዚህ ቃል ላይ ነው። ጆሮውን፣ ዓይኑን፣ ልቡንና ኩላሊቱንም ይዩለት።

የ19 ዓመት ልጅ እናት፦ እውነቱን ልንገርሽ፣ አይተወውም። የኔው አሁንም ሰዓትና ገንዘብ ይምታታበታል። እሺ ባይ ስለሆነ ያገኘው ሁሉ ያታልለዋል። ግን አያያዙን ስናውቅበት ቤታችን ሰላም ሆነ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እዘዢው። ጫማውን ሲጨርስ ነው ቦርሳ የሚባለው። ቅደም ተከተሉን በሥዕል በሩ ላይ ለጥፊለት። ስለረሳ አትቅጪው፤ ለምን እንደተቀጣም ይረሳዋል። እኔ ስንት ዓመት ስቀጣ ኖሬ ነው ይሄ የገባኝ።

አንድ አባል፦ አንድ ብርጭቆ ወይን እኮ ምንም አያደርግም ይባላል?

ነርሷ፦ ይባላል፤ ግን በእርግዝና ጊዜ «ይህን ያህል ችግር የለውም» የሚባል መጠን አልተገኘም። ቢራም ወይንም ያው አልኮል ነው። የችግሩ ስም፣ ፌታል አልኮል ሲንድሮም (ጽንስ በአልኮል ሲጎዳ የሚመጣ ችግር)፣ የወጣው በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት ስንቷ እናት ሳታውቅ እንደጠጣች አስቢው። አክስትዬ፣ እህትሽንም አትውቀሻት፤ አሁንም የምትጠጣ ከሆነ እርዳታ ያስፈልጋታል።

አክስት፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ። ዛሬ ጠዋት «ጫማ» ብቻ አልኩት። አድርጎ መጣ፤ ግራና ቀኙን አቀያይሮ ነው እንጂ።