8 በ6 ቤት ስንት ቆርቆሮ ይፈጃል? (ጅማ)

የጅሬን ልጅ፦
ሰላም ናችሁ። የእናቴ ቤት ጅሬን ነው፣ ክዳኑ ዝጎ አልቋል፣ ክረምቱን ሙሉ አልጋዋ አጠገብ ሳፋ ደቅና ነው ያደረችው። መጋቢት ገብቶ ዝናቡ ሳይጀምር ልቀይርላት ነው። ቤቱ 8 ሜትር በ6 ነው፣ እኔ 48 ካሬ ብዬ አንዱ ቆርቆሮ 2 ሜትር በ90 ሳንቲም ስለሆነ ለ1.8 አካፍዬ 27 አገኘሁ፣ አናጢው ደግሞ 56 ግዢ አለኝ፣ ከእጥፍ በላይ እኮ ነው! ሰውየውን መጠርጠር አልፈልግም ግን ገንዘቡ የእቁብ ነው። በናታችሁ የሚያውቅ ሰው ያስላልኝ።

አናጢው ከቆጪ፦
እህቴ ያሰላሽው ወለሉን ነው፣ ቆርቆሮ የሚለብሰው ጣሪያው ነው። ክፍክፉ በየጎኑ 50 ሳንቲም ከወጣ 9 በ7 ሆነ ማለት ነው። ከዛ ጣሪያው ዘቅዘቅ ይላል፣ አናቱ 1.20 ከፍ ካለ ከአናቱ እስከ ክፍክፉ 3.50 ሳይሆን 3.70 ነው የሚመጣው። ሁለት ባለ 2 ሜትር 20 ሳንቲም ተነባብሮ 3.80 ይሸፍናል፣ የተረፈው ወደ አሸንዳው ይወጣል። በጎን ደግሞ አንድ ሸንተረር ተኩል ስለሚነባበር 90ው የሚሸፍነው 78 አካባቢ ነው። 9 ሜትር ለ78 ሳንቲም 11 ተኩል፣ 12 በይው። 12 በ2፣ ሁለት ጎን፣ 48። ለብልሽት 2 ጨምሪና 50። 20 ሳንቲሟን ማንም እንዳያስቀንስሽ፣ የጅማ ዝናብ ከንፋስ ጋር ሲመጣ ውሃው ሽቅብ ነው የሚገባው።
ግን ሰውየው ሁለት ፊት (በሁለት ጎን ብቻ የሚዘቀዘቅ) ነው አራት ፊት (በአራቱም ጎን) ያሰበው? ጠይቂው።

የጅሬን ልጅ፦
ጠየቅኩት፣ የድሮው ሁለት ፊት ነው፣ እሱ ግን አራት ፊት እናድርገው ያምራል ብሎ ነው። ታዲያ ለምን ይጨምራል?

አናጢው ከቆጪ፦
እንግዲያማ አልዋሸሽም። ስፋቱ ያው ነው፣ ግን አራቱ ማዕዘን ላይ ቆርቆሮው በሰያፍ ይቆረጣል፣ ቁራጩ ደግሞ ሁሉም ሌላ ቦታ አይገባም። ኮልሞውንም (የአናቱንና የማዕዘኑን መጋጠሚያ የሚከድነውን) እይው፣ ሁለት ፊት 9 ሜትር ብቻ ስለሆነ በ15 ሳንቲም ተነባብሮ 5 ኮልሞ ይበቃል፣ አራት ፊት ግን አናቱና አራቱ ማዕዘን ሲደመር 22 ሜትር ያልፋል፣ 13 ኮልሞ ይፈልጋል። ሁለት ፊት ላይ ወጪው በሁለቱ ጫፍ ያለውን ሶስት ማዕዘን ግድግዳ መዝጋት ነው፣ ያንቺ ደግሞ ተዘግቶ የቆመ ነው። እኔ ብሆን እንደነበረ እተወዋለሁ።

ፈረንጅ አራዳ፦
እኔም ልጨምር፣ ሁሉንም ባንዴ ከአንድ ሱቅ ግዢ። ባለፈው ዓመት እኔ 9 ጎደለብኝና ሌላ ሱቅ ሄጄ አሟላሁ፣ የውፍረት ቁጥሩ 32 ነው ብለው ሸጡልኝ፣ ስናለብሰው ሸንተረሩ ከመጀመሪያው ጋር አልገጥም አለ፣ አናጢው በጉልበቱ ተጭኖ መታው፣ አሁን የሚያፈሰው በዛው መስመር ነው። ደግሞ ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፣ 28 ከ32 ይወፍራል፣ ሻጩ «ትልቁ ቁጥር ይሻላል» ካለሽ ውጪ። ሚስማሩም ሸንተረሩ ላይ ነው የሚመታው፣ ቦዩ ላይ ከተመታ ውሃው እዛው ስለሚሄድ ያፈሳል፣ ጎማ ያለው ይሁን።

የጅሬን ልጅ፦
ተባረኩ። እናቴም ሁለት ፊቱን ተዪው አለች፣ ስለዚህ 50 ቆርቆሮ 5 ኮልሞ። ዛሬ የጎረቤት ልጅ መሰላል አምጥቶ የድሮውን ጣሪያ በሜትር ለካው፣ 3.70 ልክ ነው። ቆርቆሮው የሚመታበት ሞራሌውስ? የድሮው በስብሷል፣ ስንት ልግዛ?

አናጢው ከቆጪ፦
በየ75 ሳንቲሙ አንድ መስመር ካደረግን በአንድ ጎን 6 መስመር ነው፣ 6 በ9 54፣ ሁለቱ ጎን 108 ሜትር። ባለ 4 ሜትር ከሆነ 27፣ መቀጠያና ብልሽት አለና 30 ግዢ። ሁለቱ ቆርቆሮ የሚነባበሩበት ቦታ ስር የግድ አንድ ሞራሌ ይኑር፣ የመስመሩን ርቀት ከዛ ተነስቶ ያከፋፍለው። እርጥብ ባሕር ዛፍ እንዳትወስጂ፣ ሲደርቅ ይጣመምና ሚስማሩን ይነቅለዋል። አሁን በጋ ስለሆነ ዛሬውኑ ገዝተሽ ከመሬት አንስተሽ ጥላ ስር ደርድሪው፣ ቆርቆሮው በኋላ ይደርሳል።